የቆላው ፀሐይና የውስጥ እግር

የቆዳ ካንሰር ሲነሣ አሳባችን ወደ መተማ ፀሐይ ይሮጣል። አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ፀሐዩ በእርግጥ ጠላት ነው። ጥቁር ቆዳን ግን ቀለሙ ስለሚጋርደው፣ ሜላኖማ የተባለው ክፉ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸገው በውስጥ እግርና ከጥፍር ሥር ነው፤ ቦብ ማርሌይን እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የገደለው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተነሣው ነው። ሌላው ዓይነት ለዓመታት ባልዳነ ቁስልና በእሳት ጠባሳ ላይ ይበቅላል።

እንግዲህ ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ የወረደ ሠራተኛ፣ በውስጥ እግሩ የወጣው ጥቁር ነጥብ እየሰፋ ቢሄድ ወይም የከረመ ቁስሉ ጠርዝ ቢያብጥና ቢደማ፣ በቅጠል ማሰር አይበቃውም። (እኛስ ብንሆን ውስጥ እግራችንን መቼ አየነው?) በሽታው የሚለየው ሐኪም ጥቂት ሥጋ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲያስመረምር ነው። ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ጋር ቆርጦ ማውጣት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አጨዳው እስኪያልቅ ብሎ የቆየና ዕጢው ብሽሽቱ የደረሰበት ግን እግሩን ቢያጣም መዳኑ አጠራጣሪ ነው።