የቆመ እግር እውነቱን ይናገራል

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የእግርና የቁርጭምጭሚት አጥንቶች አቀማመጥ በራጅ እንዴት እንደሚለካ ነው። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ይመስላል። ሆኖም በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የሚሸኝ የፕሮጀክት ሠራተኛም ሆነ ለሕክምናው የሚያዋጣ ጉባኤ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም የእግር ራጅ፣ በሽተኛው መቆም እስከቻለ ድረስ፣ ቆሞ መነሣት እንዳለበት ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣቶች ጫፍ በአንድ እግር 26 አጥንቶች አሉ። እነዚህም በጅማት ተያይዘው እንደ ድልድይ ቅስት ሠርተው የሰውነትን ክብደት ይሸከማሉ። የድልድይ ድካም የሚታወቀው ጭነት ሲያልፍበት ነው፤ እግርም እንዲሁ ነው። በሽተኛው ተኝቶ ሲነሣ የወደቀው ቅስት ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። ልም አጥንቱ ያለቀበት መጋጠሚያም በቂ ክፍተት ያለው ይመስላል። በመካከለኛው እግር ጅማት ተበጥሶ ሳለ እንኳ አጥንቶቹ ከቦታቸው ያልተነቃነቁ ሊመስሉ ይችላሉ። በዚህ ዓይነት ፊልም ተመርቶ ጫማ ማሠራት ወይም ቀዶ ሕክምና ማቀድ ድካምንም ገንዘብንም ያባክናል፤ ከሁሉ በላይ በሽተኛውን ይጎዳል።

አነሣሡ

በሽተኛው በጠንካራ የእንጨት መቆሚያ ላይ ወጥቶ ክብደቱን በሁለቱ እግሮቹ እኩል አድርጎ ይቆማል። ከጎን ሲነሣ ፊልሙ ወይም የዲጂታሉ ሰሌዳ በእግሩ አጠገብ ይቆማል፤ ጨረሩም ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይላካል። አጥንቱ የተሰበረ ከመሰለና መቆም ካልቻለ ግን አይገደድ።

አለካኩ

1. ከጎን በተነሣው ፊልም ላይ በቁርጭምጭሚት አጥንት መካከል አንድ መስመር፣ ከአውራ ጣት በስተኋላ ባለው ረዥም አጥንት መካከል ሌላ መስመር ይሠመራል። በጤነኛ እግር ሁለቱ መስመሮች ቀጥ ብለው ይገናኛሉ፤ ልዩነቱ ከ4 ዲግሪ አይበልጥም። መጋጠሚያቸው ወደ ታች ከጎበጠ ቅስቱ ወድቋል፤ ወደ ላይ ከጎበጠ ቅስቱ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። ይህ ማዕዘን ሜሪ በተባሉት ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ይጠራል።

2. በተረከዝ አጥንት ግርጌ የተሠመረው መስመር ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። እግሩ ሲዘረጋ ማዕዘኑ ያንሳል።

3. ከላይ በተነሣው ፊልም የአውራ ጣት አጥንትና ከኋላው ያለው ረዥም አጥንት የሚሠሩት ማዕዘን ከ15 ዲግሪ ከበለጠ አውራ ጣቱ ወደ ሌሎቹ ጣቶች አጋድሏል።

ተረከዙ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዘንበሉን ለማየት ደግሞ ከኋላ የሚነሣ ራጅ አለ። ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የሚሠራበትን አነሣስ ሳልዝማንና ኤል-ኩሪ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1995 አቅርበውታል።

መጠንቀቅ የሚገባን

ቁጥር ብቻውን በሽታ አይደለም። የብዙ ትንንሽ ልጆች እግር ዝርግ ነው፤ ሕመም ከሌለውና እግሩ ከተለጠጠ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አያሻውም። በአንጻሩ የሥጋ ደዌ ወይም የስኳር በሽታ ነርቩን የጎዳበት ሰው አጥንቱ እየፈረሰ ሳለ ሕመም ላይሰማው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው እግሩ ቢያብጥ፣ ቢቀላና ቢሞቅ፣ «አላመመኝም» ቢልም እንኳ፣ እንዳይረግጥበት አድርገን ፈጥነን ወደ ሐኪም እናድርሰው።

ደግሞም አንዱን ፊልም ሁለት ሰዎች ሲለኩት በጥቂት ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ በየፊልሙ ላይ ቀኑንና «ቆሞ» ወይም «ተኝቶ» የሚለውን እንጻፍ። ተኝቶ የተነሣውን ቆሞ ከተነሣው ጋር ብናወዳድር፣ ያልዳነውን ድኗል፣ ያልባሰበትን ብሶበታል ልንል እንችላለንና።

ለውይይት

ሀ. በአካባቢያችን ባለው ሆስፒታል የእግር ራጅ የሚነሣው ቆሞ ነው ወይስ ተኝቶ? መቆሚያውን ለማሠራት ምን ልንረዳ እንችላለን?

ለ. እግራቸው የደነዘዘባቸውን ወገኖች በየጊዜው የሚያይላቸው ማን ነው?