መጦሪያ ቤት፦ ማን ይክፈል? ማን ይግባ?

ጧሪ ላጡ አረጋውያን ቤት ለመሥራት ሲባል ብዙ ምእመናን በደስታ ያዋጣሉ። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ግን የምግቡ፣ የመድኃኒቱና የአስታማሚዎቹ ደመወዝ በየወሩ ይጠበቃል። ስለዚህ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና አልጋው ለማን እንደሚሰጥ አስቀድመን መወሰን ይገባናል። ሁለቱ ጉዳዮች እንደማይነጣጠሉ ከጃፓን አገር እንመልከት። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1973 ዓ.ም. ጃፓን 70 ዓመት ለሞላቸው ሕክምናን በነጻ አደረገች። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በቤት የሚረዳቸው ያጡ አረጋውያን፣ ሕክምና ባያሻቸውም እንኳ፣ በሆስፒታል አልጋ ለረጅም ጊዜ ይቆዩ ነበር። ወጪው ስለ ከበደ በ1983 ዓ.ም. ነጻ ሕክምናው ቀረ።

በ2000 ዓ.ም. የአረጋውያን እንክብካቤ መድን ተጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. 40 ዓመት የሞላው ሰው መዋጮ ይከፍላል። ተረጂው ከሚከፍለው ውጭ ያለው ወጪ ግማሹ ከመዋጮው፣ ግማሹ ከግብር ይሸፈናል።

2. ተረጂው ከአገልግሎቱ ዋጋ 10 በመቶ፣ ገቢው ከፍ ያለ ከሆነ 20 ወይም 30 በመቶ ይከፍላል። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በመጦሪያ የሚኖር ሰው የምግቡንና የመኝታውን ዋጋ ራሱ ይችላል፤ ለድኾች ግን ቅናሽ አለ።

3. የእያንዳንዱ ችግር ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎች ተራ ወደሚጠብቁበት የሕዝብ መጦሪያ በአዲስ የሚገቡት፣ ልዩ ምክንያት ካልኖረ በቀር፣ ከአምስቱ የእንክብካቤ ደረጃዎች ሦስተኛውና ከዚያ በላይ የደረሱት ናቸው። ሌሎቹ በቤታቸው ሳሉ ይረዳሉ።

እኛ የጃፓን ሀብት የለንም፤ ሥርዓቱ ግን ያስተምረናል። አንድ ጊዜ የሚሰጥ ትልቅ ስጦታ ቤት ይሠራል፤ አረጋዊውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚያኖረው ግን የማይቋረጥ ትንሽ መዋጮ ነው። ልጅ ወይም ዘመድ ያላቸውን ሁሉ ካስገባን፣ ከአልጋ መነሣት የማይችለውና ሰው የሌለው በደጅ ይቀራል። ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 መበለቶችን አስቀድሞ ቤተ ሰቦቻቸው እንዲረዱ፣ ማኅበሩም ለብቸኞቹ እንዲተርፍ አዝዞአል።

ለውይይት፦

ሀ. በአጥቢያችን በቤታቸው ሳሉ ሊረዱ የሚችሉ አረጋውያን እነማን ናቸው?

ለ. የአንድ አረጋዊ የወር ወጪ ስንት ነው? የውጭ እርዳታ ቢቋረጥ ስንት ወር እንችላለን?

ሐ. አልጋ ሲለቀቅ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ማን ነው? በምን መመዘኛ?