ራስት ውስጥ ልጅ ፕሮሰስ ማስነሳት፦ ፈጣኑ መንገድ መቼ ይዘጋል?

ራስት ላይ ሌላ ፕሮግራም ለማስነሳት ኮማንድ የሚባለውን እንጠቀማለን። አጻጻፉ አንድ መስመር ነው፤ ከስሩ ግን ሁለት መንገዶች አሉ። ዛሬ ሊኑክስ ላይ ያለውን እንይ።

የቆየው መንገድ፦ ፎርክ እና ኤግዜክ

ፎርክ የወላጁን ፕሮሰስ ግልባጭ ይፈጥራል፤ ኤግዜክ ደግሞ ግልባጩን በአዲሱ ፕሮግራም ይተካዋል። ከርነሉ ሜሞሪውን ወዲያው አይገለብጥም፤ ወላጅና ልጅ አንዳቸው እስኪጽፉበት ድረስ ይጋሩታል። የገጽ ሰንጠረዡ ግን ይገለበጣል።

እስቲ እናስላው። አንድ ገጽ በተለምዶ 4 ኪሎባይት ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ የሚይዘው ቦታ ደግሞ 8 ባይት። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ የያዘ ሰርቨር 2 ሚሊዮን ያህል ገጾች፣ ማለትም 16 ሜጋባይት ያህል ሰንጠረዥ አለው። ይህ ሁሉ ተገልብጦ ኤግዜክ ሲመጣ ይጣላል። አንዲት ትንሽ ትእዛዝ ለማስነሳት!

ፈጣኑ መንገድ፦ ፖዚክስ ስፖውን

ከጂሊብሲ 2.24 ጀምሮ ፖዚክስ ስፖውን ሰንጠረዡን አይገለብጥም። ልጁ የወላጁን ሜሞሪ እንዳለ ይዋሳል፤ የጠራው ትሬድም ልጁ ኤግዜክ እስኪያደርግ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ወላጁ ቢገዝፍም ወጪው አብሮ አይገዝፍም።

የራስት ስታንዳርድ ላይብረሪ ሲችል ይህን ይመርጣል። ከሚከተሉት አንዱን ካደረግን ግን ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ወደ ፎርክ ይመለሳል፦

• ፕሪ ኤግዜክ ከተጠቀምን። የሰጠነው ኮድ ልጁ ውስጥ መሮጥ ስላለበት ሌላ ምርጫ የለውም።
• የልጁን ዩአይዲ ወይም ጂአይዲ ከቀየርን።
• የልጁን ፓዝ ቀይረን ፕሮግራሙን በስሙ ብቻ ከጠራን።

ምን እናድርግ?

እኔ ኮድ ስገመግም መጀመሪያ የምፈልገው ፕሪ ኤግዜክን ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ልጁን ወደ አዲስ ፕሮሰስ ግሩፕ ለማስገባት ብቻ ነው። ለዚህ ግን ኮማንድ ላይ ፕሮሰስ ግሩፕ የሚባል የራሱ ሜተድ አለ፤ ፈጣኑን መንገድም አይዘጋም። ለሦስተኛው ደግሞ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ መስጠት ይበቃል።

ለማረጋገጥ ፕሮግራማችሁን በኤስትሬስ አስነሱት። ልጁ በተፈጠረበት መስመር ላይ ክሎን ቪኤም የሚል ምልክት ካያችሁ ፈጣኑ መንገድ ላይ ናችሁ። ከሌለ፣ ከላይ ካሉት ሦስቱ የትኛው ኮዳችሁ ውስጥ እንዳለ ፈልጉ።