የኦፔራ መድረክና አካል ጉዳተኞች

ባለፈው ክረምት ከደባርቅና ከዳባት የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ አገራችን በገባን ጊዜ አንድ አጭር የዜማ ድራማ አቅርበን ነበር። ከመካከላችን ድምፁ ከሁላችን የሚበልጠው ጓደኛችን ዓይነ ሥውር ነው። «መድረክ ላይ ቢደናቀፍስ?» ብለን ፈርተን ከመጋረጃው በስተጀርባ አቁመን አዘፈንነው። ከፊት የቆመው ሌላው ልጅ አፉን እያንቀሳቀሰ ጭብጨባውን ተቀበለ። ጓደኛችን በኋላ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስደናቀፍ ያያችሁኝ መቼ ነው?» አለን። መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ጥያቄ ነው።

ኦፔራ ማለት ንግግሩ በዜማ የሚባል ድራማ ነው። ተጫዋቹ በኦርኬስትራ ታጅቦ ይዘፍናል፤ ይተውናል፤ የሙዚቃ መሪውንም በትር እያየ ይከተላል። እንግዲህ አካል ጉዳተኛውን ከዚህ ጥበብ የሚያስቀረው ምንድን ነው? ብዙዎች ጉዳቱ ነው ይላሉ። እኛ ግን አሠራሩ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ጀርመናዊውን ዘፋኝ ቶማስ ክቫስቶፍን እንውሰድ። በ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲወለድ፥ እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ በወሰደችው ታሊዶማይድ በተባለ መድኃኒት ምክንያት እጆቹ እጅግ አጭር ነበሩ። የሐኖቨር የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ መምታት ስለማይችል አልተቀበለውም፤ እርሱ ሊማር የፈለገው ግን ዘፈን ነበር። በግል ተምሮ በ2003 በሳልዝበርግ የቤትሆቨንን «ፊዴሊዮ»፥ በሚከተለው ዓመት በቪየና የዋግነርን «ፓርሲፋል» ተጫወተ። በሩን የዘጋበት ደንቡ እንጂ እጁ አልነበረም።

ያው «ፊዴሊዮ» በ2022 በሎስ አንጀለስ ሲቀርብ መስማት የተሳናቸው ተዋንያን በምልክት ቋንቋ፥ ዘፋኞቹ በድምፅ፥ አንዱን ሰው ለሁለት ተጫወቱት። እኛም ለአንድ ሰው ሁለት ተጫዋቾች አቁመን ነበር፤ ልዩነቱ ግን እነርሱ ሁለቱንም በሕዝብ ፊት ማቆማቸው ነው።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይኖሩ ከነበሩ ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና»ን በዳንስ አሳየ፤ ከዚህም «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድን ተገኘ። ኋላም አዳም ቤንጃሚን መጥቶ አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው ወጣቶች አብረው የሚጨፍሩበትን ሥልጠና ሰጠ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀርበን ግን የጎንደር የዜማ ትምህርት ነው። ተማሪው ከመምህሩ አፍ ሰምቶ በቃሉ ስለሚይዝ፥ ዓይነ ሥውራን ዜማም ቅኔም ተምረው ለመምህርነት በቅተዋል። በማኅሌቱም ልኩን የሚሰጠው የከበሮው ምትና መሬት የሚመታው መቋሚያ ነው። የኦፔራ መሪ በትር ለዓይን ይናገራል፤ መቋሚያው ግን ለጆሮና ለእግር ጭምር ይናገራል። ይህን ከደጃችን አልፈን የትም መፈለግ አያስፈልገንም ነበር።

ስለዚህ ድራማ ለሚያዘጋጁ ጓደኞቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ለዓይን የሚሰጥ ምልክት ሁሉ ለጆሮም ይሰጥ። መሪው በትሩን ሲያነሣ ትንፋሹ ይሰማ፤ ወይም ከበሮ ይምታ።

ሁለተኛ፤ ጽሑፉና ዜማው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት በብሬል ወይም በተቀዳ ድምፅ ለተጫዋቹ ይድረሰው።

ሦስተኛ፤ መድረኩ በእርምጃ ይለካ። በጫፉ በኩል በእግር የሚታወቅ ገመድ ይዘርጋ፤ ዕቃም ከተለካበት ቦታ አይነሣ።

አራተኛ፤ ደረጃ ባለበት ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ይሠራ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ይህ ለተመልካቹ በር ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹ ወደ መድረክ ለሚወጣበትም ይታሰብ።

አምስተኛ፤ ዓይነ ሥውር ሁልጊዜ ለማኝ ሆኖ አይጫወት። ንጉሥም፥ ሙሽራም፥ ሽፍታም ይሁን።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚሉ ይኖራሉ። መወጣጫው ወጪ እንዳለው አንክድም። ገመድ መዘርጋትና እርምጃ መቁጠር ግን ምን ያህል ያስወጣል? እኛ ያጣነው ገንዘብ ሳይሆን ጓደኛችንን አስቀድሞ መጠየቅ ነበር።

በመጪው ክረምት ድራማውን እንደገና ልናቀርብ አስበናል። ጓደኛችንን ከፊት እንዲቆም ለመንነው። እርሱም ወዲያው እሺ አላለንም፤ «መጀመሪያ መድረኩን ልለካው» አለን።