የበሽታ ደረጃና ሕክምናው፦ ከወንጂና ከአዳማ የተገኘ ትምህርት



ይህ ትምህርት ለምእመናን ኅብረትና በየፕሮጀክቱ ለሚያገለግሉ ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ክፍል በክፍል አንብቡት፤ በመጨረሻ ባሉት ጥያቄዎችም ተወያዩበት። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምንማረው ሐኪም በሽታን በደረጃ የሚከፍለው ለምን እንደ ሆነና የሕክምና ምርምር ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚሰጠውን ሕክምና እንዴት እንደሚለውጥ ነው። ለምሳሌ የወሰድነው ኤች አይ ቪን ነው። ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲና መተሐራ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናቸው፤ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ደግሞ በደቡቡ መንገድ ላይ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ይህ በሽታ ያላንኳኳው ሰፈር የለም። ከዚህም ሌላ፣ ስለ በሽታው ከታወቀው ነገር አንዳንዱ የተገኘው ከዚሁ ከአካባቢያችን ሕዝብ ነው።

1. ደረጃ ማለት ምንድር ነው?

ገበሬ ማሳውን ሲጎበኝ አረም አለ ወይስ የለም ብሎ ብቻ አይመለስም። ሰብሉ በቡቃያ ላይ ነው ወይስ በእሸት? አረሙ ዳር ላይ ነው ወይስ መካከሉን ይዞታል? ሥራውን የሚያቅደው ይህን አይቶ ነው። ሐኪምም እንዲሁ ነው። «ይህ ሰው በሽታው አለበት» ማለት የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ቀጥሎ «በሽታው የት ደርሷል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ኤች አይ ቪ የያዘው ሰው ያለበትን ሁኔታ በአራት ደረጃ የሚከፍል መመሪያ አወጣ። መመሪያው የተዘጋጀው ትልቅ ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ እንኳ፣ ሕመምተኛውን በመጠየቅና በመመርመር ብቻ ሊሠራበት እንዲቻል ተደርጎ ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ ቢበዛ ንፍፊት ይታይበታል። በሁለተኛው ክብደቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ አልማዝ ባለጭራ ይወጣበታል፤ አፉ ውስጥ ቁስል ይመላለስበታል። በሦስተኛው ከክብደቱ ከመቶ ከአሥር እጅ በላይ ያጣል፤ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከአንድ ወር በላይ ይቆይበታል፤ የሳንባ ነቀርሳ ይይዘዋል። በአራተኛው ሰውነቱ እጅግ ይከሳል፤ ነቀርሳው ከሳንባ ውጭ ይወጣል፤ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው የማጅራት ገትር በሽታና ሌሎችም ከባድ ሕመሞች ይደርሱበታል።

ከዚህ ሌላ የደም ምርመራ አለ። ቫይረሱ የሚያጠቃቸው፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ፤ ስማቸው ሲዲ ፎር ይባላል። በጥቂት ጠብታ ደም ውስጥ ስንት እንደ ቀሩ ቆጥሮ ሰውነት ምን ያህል መከታ እንዳለው ማወቅ ይቻላል። የሰውየው መልክ ሳይለወጥ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ፊትን አይቶ «ይህ ጤነኛ ነው፣ ያ በሽተኛ ነው» ማለት ብዙ ሰው አሳስቷል።

2. ከወንጂ ሠራተኞች የተገኘው ዕውቀት

በ1994 የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተቋቋመ። ተመራማሪዎቹ በ1997 በአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኞችና በአዳማ አጠገብ በወንጂ ስኳር ፋብሪካና እርሻ ሠራተኞች ላይ ክትትል ጀመሩ። ቫይረሱ ያለባቸውም የሌለባቸውም ፈቃደኞች በየጊዜው እየመጡ ይመረመሩና ደም ይሰጡ ነበር። ያን ጊዜ ለብዙኃኑ የሚዳረስ መድኃኒት በአገራችን አልነበረም።

በዚያ ፕሮጀክት ሥር ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ ያልተጠበቀ ነገር ገለጠ። ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ ፎር ቁጥራቸው በአማካይ 775 ገደማ ሲሆን፣ የጤነኞቹ ኔዘርላንዳውያን ቁጥር 993 ገደማ ነበር። እንግዲህ በሌላ አገር ሕዝብ ላይ የተለካ መለኪያ በእኛ ሰው ላይ ሲውል በጥንቃቄ መነበብ አለበት ማለት ነው። አንድ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም፤ ከሕመሙ ምልክትና ከሰውየው ከራሱ የቀድሞ ቁጥር ጋር ይመዛዘናል። በየአገሩ ምርምር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የወንጂ ሠራተኛ ክንዱን ዘርግቶ የሰጠው ደም ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ሕመምተኛ ጠቅሟል።

3. ይጠብቅ ወይስ ይጀምር?

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ2005 ነው። መድኃኒቱ ጥቂት፣ ፈላጊው ግን ብዙ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶችም ጠንካራ የጎንዮሽ ጉዳት ነበራቸው። ስለዚህ ደረጃው እንደ በር ጠባቂ ሆነ፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነበር። አራተኛ ደረጃ የደረሰ ሁሉ ይጀምራል፤ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ቁጥሩ ከ350 በታች ሲሆን ይጀምራል፤ የቀረው ከ200 በታች እስኪወርድ ይጠብቃል። ብዙ ወገኖቻችን «ገና ነህ፣ ቆይተህ ተመለስ» ተብለው የተሰናበቱት በዚህ ምክንያት ነበር። አንዳንዱ በቀጠሮው ተመለሰ፤ አንዳንዱ የተመለሰው በቃሬዛ ነው፤ አንዳንዱም ሳይመለስ ቀረ።

መጠበቅ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ይህን ጥያቄ በግምት መመለስ አይቻልም። ቀድሞ የጀመረው ሰው ደኅና ቢሆን፣ ምናልባት ቀድሞውንም ጠንካራ ስለ ነበረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፈቃደኞችን በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ። ዕጣ ለማንም አያዳላም፤ ብርቱውና ደካማው፣ ባለጠጋውና ድኻው በሁለቱም ወገን እኩል ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከሕክምናው የመጣ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ወገን በግልጽ መጎዳቱ ከታየ ከምርምሩ ውጭ ያሉ ታዛቢዎች ሥራውን ያስቆማሉ።

በዚህ መንገድ የተገኙት መልሶች እነዚህ ናቸው።

በ2006፦ ስማርት በተባለው ጥናት 5,472 ሰዎች ተሳተፉ። አንዱ ወገን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወሰደ፤ ሌላው ቁጥሩ ከ350 በላይ ሲሆን እያቆመ፣ ወደ 250 ሲወርድ እየጀመረ ቆየ። በሚያቋርጡት ላይ ከባድ ሕመም ወይም ሞት የመድረሱ አደጋ 2.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

በ2011፦ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው ግን የሌለበት 1,763 ጥንዶች በ9 አገሮች ተጠኑ። ቫይረሱ ያለበት ወገን ቀድሞ መድኃኒት ሲጀምር፣ ወደ ትዳር ጓደኛው መተላለፉ ከመቶ 96 እጅ ቀነሰ።

በ2015፦ ስታርት የተባለው ጥናት ቁጥራቸው ከ500 በላይ የሆነ 4,685 ሰዎችን በ35 አገሮች ተከታተለ። ሁለቱ ወገኖች በቁጥር ተቀራራቢ ነበሩ። ወዲያው ከጀመሩት መካከል ከባድ ሕመም ወይም ሞት የደረሰባቸው 42 ሲሆኑ፣ እስኪወርድ ከጠበቁት ግን 96 ነበሩ። በዚያው ዓመት በኮትዲቯር 2,056 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናትም ቀድሞ መጀመር እንደሚበልጥ አሳየ።

ከዚህ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ደረጃው ምንም ይሁን ምን መድኃኒት እንዲጀምር መከረ። ኢትዮጵያም ከ2016 ጀምሮ ይህንኑ መንገድ ተከተለች። በሩ ለሁሉ ተከፈተ።

4. ታዲያ ደረጃ ቀረ ማለት ነው?

አልቀረም፤ ሥራው ተለወጠ እንጂ። ዱሮ «ማን ይቆይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጥ ነበር። ዛሬ «ለማን እንፍጠን? በማን ላይ እንጠንቀቅ?» ለሚለው ይመልሳል። ቁጥሩ ከ200 በታች የሆነ፣ ወይም ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ አዋቂ በሽታው የገፋበት ይባላል። ቫይረሱ ያለበት ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ሁሉ በመጀመሪያ ሲመጣ እንዲሁ ይቆጠራል። ለእነዚህ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። የነቀርሳና የክሪፕቶኮከስ ምርመራ፣ ሌሎች ሕመሞችን የሚከላከለው ኮትሪሞክሳዞልና የቅርብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ለዚህ ከአዳማ የተገኘ ማስረጃ አለን። በ2011 እና በ2013 መካከል፣ በአዳማና በአካባቢው ባሉ አምስት ጤና ጣቢያዎች፣ የኢትዮጵያና የስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መድኃኒት ገና ያልጀመሩ ከ800 በላይ አዋቂዎችን መረመሩ። ቢያስልም ባያስልም ከእያንዳንዱ ሰው አክታ ተወሰደ። ከስድስቱ በአንዱ ያህል ላይ የነቀርሳ ጀርም ተገኘ። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በማይክሮስኮፕ ከሚታየው ይበልጥ አገኘ፤ እርሱም ያለፋቸውን ጀርሙን በላቦራቶሪ በማሳደግ ማግኘት ተቻለ። «አላሳለኝም» ብሎ ሳይመረመር መሄድ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የትኛው መድኃኒት ይቅደም? በካምቦዲያ 661 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2011 የወጣ ጥናት፣ ቁጥራቸው ከ200 ያልበለጠ የነቀርሳ ሕሙማን የነቀርሳውን መድኃኒት በጀመሩ በሁለት ሳምንት የኤች አይ ቪውን ሲጨምሩ፣ ስምንት ሳምንት ከሚጠብቁት ይልቅ በሕይወት መትረፋቸውን አሳየ። በአዲስ አበባ 478 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2015 የወጣ ጥናት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ማጣደፉ ተጨማሪ ሕይወት እንዳላተረፈ አመለከተ። በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር በያዛቸው 177 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ከሁሉ ያስደንቃል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ከጀመሩት በስድስት ወር ውስጥ ከመቶ 45 ሲሞቱ፣ አምስት ሳምንት ያህል ከቆዩት የሞቱት ከመቶ 30 ነበሩ። የደከመው ሰውነት በድንገት ኃይል ሲያገኝ፣ በተደበቀው በሽታ ላይ የሚያስነሣው ቁጣ ራሱን ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ አንዱን «ዛሬውኑ ጀምር» ሲለው፣ ሌላውን «መጀመሪያ ይህን ምርመራ እንጨርስ» ቢለው አድልዎ አይደለም። የሁለቱ ደረጃ ስለሚለያይ ነው።

5. ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

አንደኛ፣ ደረጃ የሕመም መለኪያ እንጂ የሰው መለኪያ አይደለም። «አራተኛ ደረጃ ነው» የሚለው ቃል ከካርዱ ወጥቶ የመንደር ወሬ መሆን የለበትም። የሞት ፍርድም አይደለም፤ አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሰው ታክመው ዛሬ ቆመው የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛ፣ መልክ የተመለሰለት ሰው መድኃኒት እንዲያቆም አንምከር። ከጸሎት በኋላ ኃይል ተሰምቶት ኪኒኑን የተወ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ብሶበት የተመለሰ ሰው በየከተማችን አለ። ጸሎት እንጸልይ፤ ያለ ማቋረጥም እንጸልይ። ነገር ግን ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ የፈውስ ቃል ባመጣለት ጊዜ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ ማዘዙን አንርሳ። ጌታም አሥሩን ለምጻሞች ወደ ካህናቱ ሄደው እንዲታዩ ላካቸው። መመርመር እምነትን አያፈርስም። ተፈወስሁ የሚል ወገን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይመርመር፤ መድኃኒቱን ይተው ወይም ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው አገልጋይ ሳይሆን ሐኪም ነው።

ሦስተኛ፣ ለፕሮጀክት ሠራተኞች፦ በቤት ለቤት ጉብኝታችሁ ክብደት የቀነሰ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ራስ ምታቱ የማይለቀው ሰው ካያችሁ ቀጠሮውን አትጠብቁ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። እናንተ ደረጃ አትሰጡም፤ የምታደርጉት ፍጥነት ግን ደረጃው እንዳይገፋ ይረዳል።

አራተኛ፣ በምርምር እንዲሳተፍ የተጠየቀ ሰው የመጠየቅ መብት አለው። ምን ይደረግብኛል? ብተው ሕክምናዬ ይቋረጣል? ማንስ ስሜን ያውቃል? በእሺታም በእንቢታም ማንም አያስገድደው። ተረድቶ የሚሳተፍ ሰው ግን እንደ ወንጂ ሠራተኞች ለማያውቀው ወንድሙ ዋጋ ይከፍላል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የበሽታ ደረጃ በ2005 የነበረው ሥራና ዛሬ ያለው ሥራ በምን ይለያያል?
2. ተመራማሪዎች ሰዎችን በዕጣ የሚከፍሉት ለምንድር ነው?
3. ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ቫይረሱ ቢገኝባቸውና ለአንደኛው መድኃኒቱ ቢዘገይ፣ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?
4. በኅብረታችን መድኃኒቱን ያቋረጠ ወይም ለማቋረጥ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ሳናሳፍረው እንዴት እንቀርበዋለን? ነገ ማን ከእርሱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል?

በአራተኛው ጥያቄ ላይ ሳትስማሙ አትነሡ። የሌሎቹ መልስ ለሚቀጥለው ሳምንት ሊያድር ይችላል፤ የዚህኛው ግን አያድርም።