«ገብቶናል» የሚለው መልስ አይበቃም፦ አሳታፊ የኦንላይን ማቅረቢያዎችን በክፍል ውስጥ መጠቀም

በዛሬው የጥናት ዓምዳችን ሜንቲሜትርንና ካሁትን የመሳሰሉ አሳታፊ የኦንላይን ማቅረቢያዎችን ለማስተማር እንዴት እንደምንጠቀምባቸው እናያለን። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ስለሆነ ስሕተት ብታገኙ አርሙኝ።

በራሴ ስሕተት ልጀምር

እዚሁ ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ከሬኒየር ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ ለሰፈራችን እናቶችና አባቶች ስለ ስኳር በሽታ እንዳስተምር ተጠየቅኩ። ሦስት ሌሊት አምሽቼ በፕሬዚ አዘጋጀሁ። ሥዕሉ ይቀርባል፣ ይርቃል፤ ቆሽት ኢንሱሊን ሲያመነጭ የሚያሳይ ቪዲዮም ነበረው። በመጨረሻ «ግልጽ ነው?» ስላቸው ሁሉም «አዎ ልጄ፣ ተባረኪ!» አሉኝ።

ኮምፒውተሬን ስዘጋ አንዲት እናት ኮታቸውን እየለበሱ ጠጋ አሉኝና፣ «እና ልጄ፣ ላብ ላብ ሲለኝና እጄ ሲንቀጠቀጥ መርፌዬን ልጨምር ማለት ነው፣ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ።

ደነገጥኩ። ላብና መንቀጥቀጥ ስኳር ከመጠን በታች ሲወርድ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። በዚያ ሰዓት ኢንሱሊን መጨመር ራስን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል። ለእሳቸው ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ነገር ግን ባይጠይቁኝ ኖሮ «ጥሩ አስተማርኩ» ብዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ዝም ብለው የወጡትስ? በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በልጅ ፊት «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። ይሉኝታም አለ፤ «ልጅቷ ለፍታለች» ይላሉ።

የፕላዝማው ትምህርት

ይህን ለአጎቴ ስነግረው ሳቀ። «አንቺማ ፕላዝማ ሆንሽባቸው!» አለኝ። እሱ ሁለተኛ ደረጃን የተማረው አዲስ አበባ በፕላዝማ ዘመን ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ሙከራውን በሥዕል ያሳይ ነበር። ችግሩ ስርጭቱ አንድ ክፍል አልገባውም ብሎ አለመቆሙ ነው። አጎቴ እንደሚለው ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ተማሪው ደብተሩን ሳይገልጥ መልሱን ራሱ ይናገራል። ክፍሉ ውስጥ ያለው መምህርም በመሐል አስቁሞ ሊያስረዳ አይችልም።

እንግዲህ ሥዕል፣ ድምፅና ቪዲዮ መኖሩ ብቻ ትምህርቱን አሳታፊ አያደርገውም። አሳታፊ የሚሆነው የተማሪው መልስ የመምህሩን ቀጣይ እርምጃ ሲለውጥ ነው።

ዘዴው ከየት መጣ?

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ተማሪዎቹ በቀመር እያሰሉ መሠረታዊ ሐሳቡ ግን እንዳልገባቸው አስተዋለ። ስለዚህ ንግግሩን እያቋረጠ ጥያቄ ያቀርብ ጀመር። እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ይመልሳል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይወያያል፣ ከዚያ እንደገና ይመልሳል። በግምት ከ30 እስከ 70 በመቶው በትክክል ከመለሰ ውይይቱ በጣም ይጠቅማል። ከዚያ በታች ከሆነ መምህሩ እንደገና ያስረዳል፤ በላይ ከሆነ ባጭሩ አብራርቶ ያልፋል።

የትኛውን መሣሪያ እንምረጥ?

ሜንቲሜትር፦ ተሳታፊው በስልኩ ኮድ አስገብቶ ስሙን ሳይጽፍ ይመልሳል፤ ውጤቱ ስክሪኑ ላይ በግራፍ ይታያል። ለሚያፍር ሰው ይመቻል።

ካሁት፦ ውድድር ነው፤ ፈጥኖ የመለሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል። ለፈተና ስንዘጋጅ ያነቃቃናል፤ መነጽራቸውን ለሚፈልጉ አባት ግን አይሆንም።

ኒርፖድ፦ መምህሩ የሚያሳየው ስላይድ በእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፤ በመሐል ጥያቄና ሥዕል የመሳል ሥራ ማስገባት ይቻላል።

በተግባር

1. ለአንድ ሐሳብ አንድ ጥያቄ አዘጋጁ።
2. የተሳሳቱት ምርጫዎች ሰዎች በእውነት የሚያምኑባቸው ይሁኑ። ለሳቅ የተጻፈ ምርጫ ምንም አይነግራችሁም።
3. ከመጀመሪያው ምላሽ በኋላ መልሱን አትናገሩ። ሁለት ደቂቃ ይወያዩ፣ ከዚያ እንደገና ይመልሱ።
4. የታካሚን ስም ወይም ማንነቱን የሚገልጽ ነገር በፍጹም አታስገቡ።
5. ኢንተርኔት ቢቋረጥ ባለቀለም ወረቀት ያዙ። ዘዴው በወረቀትም ይሠራል።

ሁለተኛው ዙር

ከሁለት ሳምንት በኋላ እነዚያኑ እናቶችና አባቶች ሰበሰብናቸው። ስልክ ያልያዙት ከጎረቤታቸው ጋር ሆኑ። ጥያቄውን በአማርኛ ጻፍኩት፦ «ላብ ላብ ብሎዎት እጅዎ ቢንቀጠቀጥ፣ ስኳርዎን ሲለኩ 60 ቢሆን፣ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?» ሀ. ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ ለ. ጭማቂ እጠጣለሁ፤ ሐ. ጋደም እላለሁ።

ከ14 ምላሾች 5ቱ «ሀ» ነበሩ። ማን እንደመለሰ አይታወቅም፤ ማንም አላፈረም። «ተነጋገሩበት» ስላቸው አዳራሹ እንደ ቡና ሰዓት ደመቀ። አንድ አባት በራሳቸው የደረሰውን ተናገሩ፤ እሱ ከእኔ ቪዲዮ ይልቅ አስረዳቸው። በሁለተኛው ዙር 13ቱ «ለ» አሉ።

አንድ ሰው ግን ቀረ፤ ማን እንደሆነ ስክሪኑ አይነግረኝም። የመሣሪያው ወሰን እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ዘግቼ አንድ በአንድ እየዞርኩ፣ «እስቲ ለልጅዎ እንደሚያስረዱ አድርገው ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሁሉም በራሳቸው ቃል እስኪነግሩኝ ድረስ አልተለያየንም። ስኳር ከ70 በታች ከወረደ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ግማሽ ኩባያ ያህል ጭማቂ መጠጣት፤ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት፤ አሁንም ዝቅ ካለ መድገም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ 911 ይደወላል።

ውድ አንባብያን፣ ለክፍል ፕሬዘንቴሽን ስትዘጋጁ ከስላይዱ ጌጥ በፊት ጥያቄያችሁን ጻፉ። የተሰጠው መልስ ካላቆማችሁ እንደ እኔ ፕላዝማ ሆናችኋል ማለት ነው።