ኒቆዲሞስ ለመማር በሌሊት መጣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን፡፡

ነቢዩ አሞጽ በ8ኛው ምዕራፍ ከቁጥር 11 ጀምሮ ስለ አንድ ረኃብ ይናገራል፡፡ እንጀራ የማጣት ረኃብ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ቃል የመስማት ረኃብ ነው፡፡ በጾም ወራት የሆድን ረኃብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ስንት ጊዜ ሰዓታችንን እናያለን! የነፍስ ረኃብ ግን ስሙን እንኳ ሳናውቀው ውስጣችንን ሲበላን ይኖራል፡፡ አንዳንዱ ይህ ረኃብ ሲሰማው መጽሐፍ ቅዱስ ይገዛል፣ ከዘፍጥረት ይጀምራል፣ ዘጸአትን እንደምንም ይጨርሳል፣ ዘሌዋውያን ላይ ሲደርስ የመሥዋዕቱ ሥርዓት ይከብደውና ይዘጋዋል፡፡ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ትራስ ሥር ያድራል፣ ወይም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፡፡ ይኼን ሰው «ቃሉን አይወድም» ማለት ስሕተት ነው፡፡ ይወዳል፤ ተርቧልም፡፡ የከበደው ብቻውን ስለ ጀመረ ነው፡፡

ለተራበ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገበታ ዘርግታለች፡፡ ይኸውም በየቅዳሴው የሚነበበው ነው፡፡ ገባሬ ሠናዩ ዲያቆን ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ያነባል፤ ንፍቁ ዲያቆን ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ንፍቁ ካህን ከሐዋርያት ሥራ ያነባሉ፡፡ ከዚያ ከመዝሙረ ዳዊት ምስባክ ይሰበካል፣ በመጨረሻም ካህኑ ወንጌሉን ያነባል፡፡ የዕለቱን ንባብ ለይቶ የሚያሳየው መጽሐፍ ግጻዌ ይባላል፡፡ እንግዲህ ለማንበብ ቆሜ ሕዝቡን ሳይ ሁልጊዜ የምታዘበው ነገር አለ፡፡ ወንጌል ሊነበብ ሲል ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያማትባል፤ መልእክታቱ ሲነበቡ ግን ብዙው ሰው ገና ቦታ እየፈለገ፣ ነጠላውን እያስተካከለ ነው፡፡ ንባቡ ስለማይገባው እንጂ ንቆ አይደለም፡፡ በግእዝ ቢነበብ ቋንቋው ይከብዳል፤ በአማርኛ ቢነበብም ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሳያውቁት ያልፋል፡፡

አሁን አንድ እሑድ እንውሰድና ገበታውን እንየው፡፡ የዐቢይ ጾም 7ኛው እሑድ ኒቆዲሞስ ይባላል፡፡ ወንጌሉ ዮሐንስ ምዕራፍ 3 ነው፤ ኒቆዲሞስ የተባለ ፈሪሳዊ፣ የአይሁድ አለቃ፣ በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ የተማረው ትምህርት፡፡ ይህን ይዘን ሌሎቹን ንባቦች እንመልከት፡፡

ከሮሜ ምዕራፍ 7 የሚነበበው ስለ ሕግ ነው፡፡ ሐዋርያው በአሮጌው ፊደል ሳይሆን በአዲሱ መንፈስ እንድንገዛ ይነግረናል፡፡ ኒቆዲሞስም ፊደሉን ጠንቅቆ የሚያውቅ የሕግ መምህር ነበረ፤ ጌታ ግን ስለ መንፈስና ስለ አዲስ ልደት ነገረው፡፡ ከ1ኛ ዮሐንስ ምዕራፍ 4 ከቁጥር 18 ጀምሮ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን እንደሚያስወጣ ይነበባል፡፡ በጨለማ ተሸፍኖ ለመጣ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይነበብለት! ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ከቁጥር 34 የሚነበበው ደግሞ የገማልያል ታሪክ ነው፡፡ ገማልያልም እንደ ኒቆዲሞስ ፈሪሳዊ ነው፣ መምህር ነው፣ በሸንጎው ይቀመጣል፤ ተነሥቶ ሐዋርያቱን ተዉአቸው ብሎ ይመክራል፡፡ ኒቆዲሞስም በዮሐንስ ምዕራፍ 7 በሸንጎው ፊት ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም ብሎ ለጌታ ተከራክሮ ነበር፡፡ ምስባኩስ? መዝሙር 16 ቁጥር 3 ነው፤ እግዚአብሔር ልብን በሌሊት መርምሮ እንደ ጎበኘ የሚናገር! (ይህ ቁጥር በአንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 17 ላይ ስለሚገኝ አጣሁት ብላችሁ እንዳትጨነቁ፡፡)

አያችሁ? እነዚህን ንባቦች ያስማሙ አባቶች የተለያየ ቅንጣቢ አልሰጡንም፤ አንዱ ሌላውን ይተረጉማል፡፡ ይህን ቅዳሜ ማታ አንብቦ የመጣ ሰው እሑድ ጠዋት ቆሞ ሲሰማ ልቡ እንዴት እንደሚሞቅ መናገር አይቻልም፡፡ አራቱም ንባቦች ቢደመሩ ከግማሽ ሰዓት አይበልጡም፡፡ ማንበብ የማትችሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ ልጆቻችሁን «አንብብልኝ» በሉ፤ ልጁም ይማራል፡፡

ማንበብ ብቻውን ግን አይበቃም፡፡ የትርጓሜ መምህራን «ለምን በሌሊት መጣ?» ብለው ሲያትቱ በአንድ መልስ አይቆሙም፡፡ አይሁድን ፈርቶ ነው ይላሉ፤ አንድም መምህር ሆኖ ሳለ ሲማር ቢያዩት ክብሩ እንዳይቀንስበት ነው፤ አንድም ሌሊት ልቡና የሚሰበሰብበት፣ ለትምህርት የሚመች ጊዜ ስለሆነ ነው ይላሉ፡፡ ሦስቱም መልካም ናቸው፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ሁለተኛው ነው፡፡ ሠላሳና አርባ ዓመት ቤተ ክርስቲያን የተመላለሰ ሰው አንድ ጥያቄ ልቡ ውስጥ ይዞ «አሁን ይህን ብጠይቅ ምን ይሉኛል» ብሎ ዝም ይላል፡፡ ሰባኪ አገልጋዩም እንዲሁ፡፡ ስንቱ እኮ በዚህ እፍረት ተርቦ ቀረ! ስንቱስ ጥያቄውን የሚሰማለት ሲያጣ ወደ ሌላ ደጅ ሄደ!

ኒቆዲሞስ ግን ክብሩን ፈርቶ በሌሊት ቢመጣም ከመጣ በኋላ ጥያቄውን አልደበቀም፡፡ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ወደ እናቱ ማኅፀን ተመልሶ ሊወለድ ይችላል ብሎ ጠየቀ (ዮሐ. 3፥4)፡፡ ሕፃን የሚጠይቀው ዓይነት ጥያቄ ነው፤ የጠየቀው ግን የእስራኤል መምህር ነው፡፡ ጌታም መምህር ሆነህ ሳለ እንዴት ይህን አታውቅም ብሎ ገሠጸው እንጂ አላባረረውም፤ ትምህርቱን ቀጠለለት፡፡ ሁላችን በቃላችን የምንይዘው ዮሐንስ 3፥16 የሚገኘው በዚያ ሌሊት ንግግር ውስጥ ነው፡፡ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም እንዲሁ ነው፤ ኢሳይያስን በሠረገላ እያነበበ ሄደ፣ ያልገባውን ግን ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ፊልጶስን ጠየቀ (ሐዋ. 8፥34)፡፡ ባለ ሥልጣን መሆኑ አላገደውም፡፡

ስለዚህ ስታነቡ ያልገባችሁን ቁጥር በወረቀት ጻፉት፡፡ ከቅዳሴ በኋላ ለአጥቢያችሁ መምህር፣ ለንስሐ አባታችሁ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩት አቅርቡት፡፡ የተጠየቀው ሰው ወዲያው ባይመልስላችሁ አትቀየሙት፤ መጽሐፍ ገልጦ፣ ሊቃውንትን ጠይቆ የሚመጣ መምህር ከሚቸኩለው ይሻላል፡፡

ከኒቆዲሞስ በኋላ የሚመጣው ሆሳዕና ነው፡፡ ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም የገባበትን ታሪክ አራቱም ወንጌላውያን ጽፈውታል፤ ማቴዎስ 21፣ ማርቆስ 11፣ ሉቃስ 19 እና ዮሐንስ 12 ላይ ታገኙታላችሁ፡፡ ቅዳሜ ማታ አራቱንም ጎን ለጎን አንብቡ፡፡ በእጃችን የምንይዘውን ዘንባባ በስሙ ጠርቶ የጻፈው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ፈልጉና እሑድ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡